የአፋፉ ተጣሪ

አንድ ሰው ነበረ፤ ሥራው መጣራት ነበር። እርሻ የለውም፣ ከብት የለውም፤ ያለው ጉሮሮ ብቻ ነው። ጠዋት ከአፋፉ ጫፍ ይወጣል፣ ሁለት እጁን በአፉ ዙሪያ ያደርግና የወዲህኛውን አገር ወሬ ገደሉን አሻግሮ ለወዲያኛው ያደርሳል። ከወዲያ የመጣውንም ተቀብሎ ለወዲህኛው ይናገራል።

ተረት ልስማ ብለህ እንዳልመጣህ አውቃለሁ፣ መንክር። አዎ ወይም አይ የሚል መልስ ይዘህ ወደ ከተማህ ልትመለስ ነው የመጣኸው። ፊደል ሳስቆጥርህም እንዲሁ ነበርክ፤ ገና ሳልጨርስ «ገባኝ የኔታ» ብለህ ትነሣለህ፣ ስትጠየቅ ጣሪያ ጣሪያ ታያለህ። አሁን ታገስ። ጥያቄህን እንደ ሰማሁት ልድገመው፤ ከተሳሳትኩ አርመኝ። መሥሪያ ቤትህ ኢንተርኔት የሚያቀርቡትን ድርጅቶችና በዚያ የሚነግዱትን ሁሉ የሚገዛ መመሪያ ጻፍ ብሎሃል። አንድ አቅራቢ የባለጸጋውን ፊልም እያስቀደመ የገጠሩን ጤና ጣቢያ መልእክት ሲያዘገይ አይተህ ተናደሃል። ስለዚህ ከእንግዲህ ፈቃድ ሳያገኝ ማንም ምንም እንዳይከፍት፣ ዋጋም እንዳይለውጥ፣ አዲስ ነገርም እንዳይሞክር ልትጽፍ ነው። «ደግ ታስቦ በሚጻፍ ደንብ ምን ክፋት ይመጣል?» አልከኝ። ስለ ሽቦው የማውቀው ነገር የለም፤ ስልኬን እንኳ የልጅ ልጄ ናት የምትከፍትልኝ። ስለ ደንብ ግን ጥቂት አውቃለሁ፣ ስለ ፍርሃት ደግሞ ብዙ አውቃለሁ። ስለዚህ የተጣሪውን ነገር ስማ።

ያ አገር በገደል ለሁለት የተከፈለ ነው፤ ከታች ወንዝ ይወርዳል። ከአንዱ አፋፍ ወርዶ ሌላው አፋፍ ላይ ለመውጣት ጉልበተኛ ሰው እንኳ ቀኑን ሙሉ ይፈጅበታል። ድምፅ ግን በአንድ ትንፋሽ ይሻገራል። ሰው የሞተበት፣ በቅሎ የጠፋችበት፣ ልጅ የሚድር፣ ሁሉም ወደ ተጣሪው ይመጣል። እሱ ይጮሃል፤ በወዲያኛው አፋፍ ያለው ባልንጀራው ይቀበለውና ወደ የመንደሩ ያደርሳል። ለድካሙም እህል ሲገባ ከየቤቱ ቁና ይሰፈርለታል።

ከእሱ ራቅ ብሎ በዝቅተኛ ጉብታ ላይ ሌላ ተጣሪ ነበረ። ድምፁ ቀጠን ያለ ነው፣ ነገር ግን ትጉህ ነው። የመጀመሪያው ያስቀየመው ሰው ወደ ሁለተኛው ይሄዳል፤ የሁለተኛው ድምፅ ያልደረሰለት ደግሞ ወደ መጀመሪያው ይመለሳል። ሁለቱ ሰዎች አይዋደዱም ነበር፣ በልቅሶ ቤት እንኳ ጎን ለጎን አይቀመጡም። አለመዋደዳቸው ለአገሩ ጥሩ ነበር፤ አንዱ እንዳይተኛ ሌላው ይቀሰቅሰዋል።

ከጥሪዎቹ ሁሉ አንዱ የተለየ ነው። ከታች በወንዙ አሸዋ ላይ በየሳምንቱ ገበያ ይውላል። አሸዋው የወዲህኛውም የወዲያኛውም ባለመሆኑ ቀረጥ የሚጠይቅ የለም፤ ሰው ያን ሁሉ ቁልቁለት የሚወርደው ለዚህ ነው። ወንዙ ግን ተንኮለኛ ነው። እዚህ ሰማዩ ጠርቶ ሳለ ከሩቅ ደጋው ላይ ይዘንብና ደራሽ ይመጣል። ውሃው ከመታጠፊያው ሲወጣ ከወዲህ በኩል ከላይ ያለ ተጣሪ ብቻ ያየዋል፣ ከታች ያለው ሰው አያየውም። ያን ጊዜ ተጣሪው «የእገሌ ልጅ፣ የእገሌ አገር ሰው» ብሎ አይጀምርም። «ውሃ! ውሃ!» ይላል፤ ያ ብቻ ነው። ሰው ሁሉ ዕቃውን ጥሎ፣ ልጁን አዝሎ ወደ ዳገቱ ይሮጣል። አንዳንዴ ውሃው ጎድሎ ይቀርና ሰዎቹ ተጣሪውን እየረገሙ በርበሬአቸውን ከአሸዋው ይለቅማሉ። ተጣሪው እርግማኑን ከላይ ሲሰማ ይስቅ ነበር። «የሚራገም ሰው አልሞተም» ይላል።

አንድ ቀን የአንዲት ባሏ የሞተባት ሴት ወንድም በወዲያኛው አገር ሞተ። መርዶው ጠዋት ገደሉን ተሻግሮ መጣ። በዚያው ጠዋት ግን የአንድ ባለጸጋ በቅሎ ጠፍታ ነበር፤ ባለጸጋው ከሌላው ሰው አብልጦ ነው የሚሰፍረው። ተጣሪው የበቅሎዋን መልክ ለየመንደሩ ሲናገር ዋለና መርዶውን ለሴትዮዋ ያደረሰላት ከሰዓት በኋላ ነው። ሴትዮዋ ገደሉን ወርዳ፣ ወንዙን ተሻግራ፣ ዳገቱን ወጥታ ስትደርስ መቃብሩ ተደፍኗል። የወንድሟን ፊት ሳታይ ቀረች። በቅሎዋ ግን ተገኘች።

ያ ግፍ ነው፣ መንክር። አንተም በጤና ጣቢያው ያየኸው ግፍ ነው፤ ያላየኸውን አየሁ አላልክም። ሌላ ጊዜ ቢሆን ሰዉ ተጣሪውን ትቶ ወደ ጉብታው ይሄድ ነበር። መሄድም ጀምሮ ነበር፤ ሴትዮዋ ራሷ ቁናዋን ለቀጭኑ ድምፅ ልትሰፍር ቃል ገብታለች። ነገር ግን በአገሩ ያሉ አዋቂዎች «ይህ ነገር ለገዥው መነገር አለበት» አሉና ሴትዮዋን ይዘዋት ሄዱ።

ገዥው መጥፎ ሰው ቢሆን ነገሬ ይቀለኝ ነበር። መጥፎ አልነበረም። ሴትዮዋን አስቀምጦ ሰማት፣ አብሯት አለቀሰ፣ እህል አሸክሞ ወደ ቤቷ ሰደዳት። ከዚያ ነጋሪት አስጎስሞ ደንብ አወጣ። ከእንግዲህ ጥሪ ሁሉ በየተራው ይሁን፤ ባለጸጋም ድኻም አይቅደም። አድልዎና ውሸት እንዳይኖር ጥሪው ሁሉ አስቀድሞ ለገዥው ወኪል ለምስለኔው ይነገር፤ ምስለኔው ይሁን ሳይል ማንም አይጣራ። ደግሞም ሰው ጥሪን ግማሹን እየሰማ ግማሹን እየተወ ይሳሳታልና፣ በቀደም አንዱ የሰርግ ጥሪ አጋምሶ ሰምቶ እያለቀሰ ሰርግ ቤት ገብቷልና፣ ጥሪ ሁሉ ሦስት ጊዜ «በሕግ አምላክ» ተብሎ ይጀምር። ይህን የሰማ ካለበት ይቁም፤ ጥሪው ተፈጽሞ እስኪያልቅ ከቦታው አይነቃነቅ።

በሕግ አምላክ ሲባል መቆም የቆየ ልማድ ነው፣ ታውቃለህ። የሚደባደቡ ሰዎች ዱላቸውን ያወርዳሉ፤ የሚሸሽ ሰው እግሩን እንዳነሳ ይቆማል። ያኔ ፖሊስ የለ፣ እስር ቤት የለ፤ አገሩን ያኖረው ያ ቃል ነው። ገዥው ይህን መልካም ልማድ አንሥቶ በጥሪ ሁሉ ራስ ላይ አሰረው። ማን ይነቅፈዋል? እኔም በዚያ ብኖር እሰየው እል ነበር።

ደንቡ በተነገረበት ጉባኤ አንድ ገበሬ ከኋላ ተነሥቶ «የውሃው ጥሪስ እንዴት ሊሆን ነው ጌታዬ?» ብሎ ጠየቀ።

ምስለኔው ጨዋታ አዋቂ ነው። «ምን ያሰጋሃል? በሕግ አምላክ ሲባል እንኳን ሰው ወራጅ ውሃ ይቆማል» አለው።

ሰው ሁሉ ሣቀ። ገበሬው አፍሮ ተቀመጠ።

መጀመሪያ መልካም ሆነ። ድኻው በተራው ተጠራለት። ያቺ ሴት የልጇን ሰርግ ስታስጠራ ባለጸጋው ከኋላዋ ቆሞ ተራውን ጠበቀ፤ አገሩም ይህን አይቶ ረካ። እኔም እውነቱን አልደብቅህም፤ ሰው ደንብን የሚወደው በመጀመሪያው ወር ነው።

ምስለኔው ጎጆውን የሠራው ከትልቁ አፋፍ ሥር ነበር። ጉብታው ከዚያ ሩቅ ነው። ቀጭኑ ተጣሪ ለአንዲት ጥሪ ወርዶ፣ ተራ ጠብቆ፣ ይሁን አስብሎ፣ መልሶ ጉብታው ላይ እስኪወጣ ቀኑ ይመሽበታል። ለምስለኔው ቢያመለክት «ደንቡ ለሁላችሁም አንድ ነው» ተባለ። እውነት ነው፣ አንድ ነው። ጥቂት ጊዜ ታግሎ ተወውና ሞፈሩን ይዞ ወደ እርሻው ገባ። ስለዚህ በወዲህኛው አገር ሁሉ አንድ ተጣሪ ብቻ ቀረ። እሱም ያ መርዶውን ያዘገየው ነው።

ልብ አድርግ። ደንቡ የወጣው እሱን ለመግራት ነበር፤ ያተረፈው ግን እሱ ሆነ። መጀመሪያ ከፍቶት ነበር፣ ኋላ ግን ባላንጣው እንደ ሌለ ሲያይ ተመቸው። ጠዋት አርፍዶ መውጣት ጀመረ። ድምፁ ሲዘጋ ማር ልሶ አያጠራውም፤ ቢሰማም ባይሰማም ሰው የሚሄድበት ሌላ የለውማ። አንድ ዓይን ያለው በአፈር አይጫወትም ይባላል። አገሩ ግን ሁለት ዓይን ነበረው፣ አንዱን በገዛ እጁ ጨፈነው።

አሁን የምፈራው ቦታ ላይ ደረስኩ። አንድ ቀን ተጣሪው ከላይ ሆኖ ከአንድ ጎጆ ጣሪያ ጭስ ሲወጣ አየ። የቤቱ ሰዎች እርሻ ናቸው፣ ውስጥ ሕፃን ተኝቷል። ተጣሪው አላሰበም፤ «እሳት!» ብሎ ጮኸ። ሁለት ጎረቤቶች ሰምተው ሮጡ፣ ሕፃኑን አወጡ፣ እሳቱንም በአፈር አዳፍነው አጠፉት። በማግስቱ ምስለኔው ተጣሪውን አስጠራውና አፋፉ ላይ ካለችው ግራር ጋር አሰረው። ፀሐይዋ ከወጣች እስክትገባ እዚያው ዋለ። የሮጡትን ሁለቱን ደግሞ በገበያ መሐል ገረፋቸው፤ ይሁን ያልተባለ ጥሪ ሰምተው ተነቃንቀዋልና።

የሕፃኑ አባት ምስለኔው እግር ላይ ወድቆ «ጌታዬ፣ እሳቱ እኮ እውነት ነበር» አለው።

«የዛሬው እውነት ነው» አለ ምስለኔው። «ነገ ውሸት ቢሆንስ?»

ምስለኔውም ጨካኝ ሆኖ አይደለም፤ ዛሬ አንዱን ቢምር ነገ ሁሉም ያለ ፈቃድ ይጮሃል ብሎ ፈራ። እሱ ገዥውን ይፈራል፣ ገዥው የአገሩን ወቀሳ ይፈራል፣ ተጣሪው ምስለኔውን ይፈራል፣ ሕዝቡ ደግሞ ሁሉንም ይፈራል። ደንቡ ሲወጣ ፍቅር ነበር ያወጣው፤ ያቆየው ግን ይህ ነው።

ከዚያ ቀን ወዲያ በአገሩ ላይ አንድ ነገር ወረደ። ፍርሃት እንደ ምስጥ ነው፤ እንጨቱን ከውስጥ በልቶ ልጡን ይተውልሃል፣ ስታየው ደኅና ይመስላል። ተጣሪው ቤቱ ውስጥ እንኳ ውሃ አምጪልኝ ከማለቱ በፊት ዞር ብሎ በሩን ያያል ይባላል። እናቶች ለልጆቻቸው መቆምን አስተማሩ። ልጅ ሲሮጥ በሕግ አምላክ ይሉታል፤ ካልቆመ በአርጩሜ እግሩን ይሉታል፣ ከቆመ ይስሙታል። በጨዋታ መሐል እንኳ ድምፁ ከአፋፉ ሲመጣ ልጆቹ ባሉበት ድርቅ ይሉ ነበር፤ አንዱ እጁን ዘርግቶ፣ አንዱ አፉን ከፍቶ። ሽማግሌዎች ይህን አይተው «ልጆቻችን ሥርዓት አወቁ» ብለው ደስ አላቸው። እኔ ይህን ስሰማ ደስ አላለኝም፣ ልጄ። አጥንቴ ነው የቀዘቀዘው።

የበልግ ወቅት መጣ። በገበያው ቀን የተጣሪው ሚስት ጌሾዋን ሸክፋ ትንሿን ልጇን ይዛ ልትወርድ ተነሣች። ከደጅ ወጥታ ወደ ደጋው አየች።

«ዛሬስ ደጋው ጠቁሯል፤ ብቀር ይሻላል መሰለኝ» አለችው።

«እኔ እላይ አለሁልሽ አይደል?» አላት።

እሱ እላይ ስላለ ወረደች። ብዙ ሰውም እንዲሁ ብሎ ወረደ፤ ከወዲህም ከወዲያም። ፀሐይ ሞቅ ስትል አሸዋው በሰው ሞላ። ጨው የሚሸጥ ከሩቅ አገር የመጣ ነጋዴም አህዮቹን ይዞ ከዳር ተቀምጧል፤ እሱ የአገሩን ደንብ የሚያውቅ አይደለም።

ተጣሪው ከአፋፉ ላይ ሆኖ መታጠፊያውን ያይ ነበር። በመጀመሪያ ወፎች ከዛፎቹ ላይ ተነሡ። ከዚያ የወንዙ አፍ ጠየመ፤ ጠይሞም አልቀረ፣ ግንድ እያንከባለለ ቀይ ውሃ ከመታጠፊያው ብቅ አለ። እንደዚያ ያለ ደራሽ ከዚያ በፊት አላየም። ዞር ብሎ ወደ ምስለኔው ጎጆ አየ። ጎጆው ከታች ነው፤ በደጁ ሰዎች ተራቸውን እየጠበቁ ተቀምጠዋል። ወርዶ ይሁን አስብሎ መመለስ እንደማይሆን ወዲያው ገባው።

እዚህ ላይ ነው ነገሩ ሁሉ ያለው። ተጣሪው ፈሪ ብቻ አልነበረም። «ፈቃድ አልጠይቅም፤ የፈለገውን ያድርገኝ» አለ። ይህን ያህል ደፈረ። አፉን ከፈተ፣ «ውሃ» የሚለው ቃል ምላሱ ላይ ደርሷል። ነገር ግን የግራሯ ገመድ እጁ ላይ እንደ ገና የተጠመጠመ መሰለው። በገበያ መሐል የተገረፉት ሁለቱ ሰዎች ትዝ አሉት። እንዲሁ ብጮህ ይፈራሉ፣ አይሮጡም፣ ቢሮጡም ይገረፋሉ፤ በሥርዓቱ ብጣራ ግን ያምኑኛል ብሎ አሰበ። ይህን ሁሉ ያሰበው ዓይን ተጨፍኖ እስኪገለጥ ነው። እጁን ወደ አፉ አደረገና በሙሉ ጉሮሮው «በሕግ አምላክ!» አለ።

ገበያው ቀጥ አለ።

ከላይ ሆኖ አየው። ያ ሁሉ የሚንቀሳቀስ ሰው፣ የሚመዝነው፣ የሚከራከረው፣ የሚስቀው፣ በአንድ ጊዜ ቆመ። እህል የሚሰፍረው ቁናውን እንዳነሣ፣ በግ የሚጎትተው ገመዱን እንደያዘ። ሁሉም ፊቱን ወደ አፋፉ አዞረ፤ ጀርባውን ለወንዙ መታጠፊያ ሰጠ። ተጣሪው ትንፋሽ ሳበ። ድምፁ ሩቅ እንዲደርስ እያንዳንዱ ቃል ተጎትቶ ነው የሚነገረው፣ በመሐሉም ትንፋሽ ይፈልጋል። ሁለተኛውን አለ። ሚስቱን አያት፤ ጌሾዋን በትከሻዋ እንደያዘች ቀና ብላ ታየዋለች። ልጅቷ የውሃውን ድምፅ ሰምታ ይሆን፣ ወይም ልጅ ስለሆነች ይሆን፣ የእናቷን እጅ ትጎትታለች። እናቷም እንዳትገረፍባት ጥብቅ አድርጋ ያዘቻት።

ተጣሪው ይህን እያየ ሦስተኛውን አለ። ለምን አለው? ብዙ ሰው ይህን ይጠይቃል። እኔ የሚመስለኝ፣ ሁለቱን ብሎ ሦስተኛውን መተው አላወቀበትም። አፉ እንደዚያ ሆኖ ነው የተሠራው።

ከዚያ በኋላ «ውሃ!» አለ። ነገር ግን የወንዙ ግሣት ቀድሞታል። ከታች የተሰማው የእሱ ድምፅ አልነበረም።

የጨው ነጋዴው ዳነ። በሕግ አምላክ ሲባል ሰው ለምን እንደ ቆመ ሳይገባው፣ የአህዮቹ ጆሮ ሲቆም አይቶ አህዮቹን ወደ ዳገቱ ነዳ። ጥቂት ሕፃናትም ዳኑ፤ ገና መቆም ያልተማሩት። የተጣሪው ልጅ የእናቷን እጅ ነክሳ አመለጠች ይላሉ። ዳገቱ ላይ በእሾህ ተይዛ አገኟት። እናቷን አላገኟትም። ፈሪ ለናቱ ይባላል፤ በዚያ ቀን ግን የፈራው ሁሉ ለናቱም ለልጁም ሳይሆን ቀረ።

ገዥው ከነሠራዊቱ መጣ። ባዶውን አሸዋ ሲያይ ከበቅሎው ወርዶ መሬት ላይ ተቀመጠና እንደ ሴት ልጅ አለቀሰ። ልቅሶው የማስመሰል አልነበረም። ምስለኔው ግን ደንቡ ሳይጓደል እንደ ተፈጸመ መሰከረ፤ ጥሪው በሥርዓቱ ተጀምሯል፣ ሕዝቡም አንድም ሰው ሳይነቃነቅ ቆሟል። ገዥው አልቅሶ ሲያበቃ አዲስ ደንብ አወጣ። ከእንግዲህ ለውሃ ጥሪ «በሕግ አምላክ» ሁለት ጊዜ ብቻ ይባል አለ።

ትስቃለህ? እኔም ስሰማ ስቄ ነበር። ከዚያ ግን አስቀምጦ አሳሰበኝ። ያ ደግ ሰው ያን ሁሉ ጥፋት አይቶ የታየው ሌላ ደንብ ብቻ ነው። እንዲያቆም ማን ይንገረው? እሱን በሕግ አምላክ የሚለው የለም።

ተጣሪው ከዚያ ወዲያ አልተጣራም። ሰው ልጅቷን ትንሽ ናት፣ ትረሳዋለች እያለ ራሱን ያጽናና ነበር። አንድ ቀን አባቷ ራቷን ሲያጎርሳት እጁን ገታ አደረገችው።

«አባዬ፣ ለምን ቁሙ አልከን?» አለችው።

ጉርሻውን እንደያዘ ቆየ። ያን የሚያህል ድምፅ የነበረው ሰው አንድ ቃል አጣ።

ይኸው ነው፣ መንክር። አሁን ያመጣኸውን ወረቀት ከፊታችን አስቀምጠውና እንየው።

መርዶዋ የዘገየባት ሴት መልእክቱ በዘገየበት ጤና ጣቢያ የተኛች ሕመምተኛ ማለት ናት። በእሷ ምክንያት መናደድህን አልነቅፍም፤ ካልተናደድክ የኔ ተማሪ አይደለህም። ያን ያዘገየውን አቅራቢ ጥራው፣ በሸንጎ አቁመው፣ ያጠፋውን አስከፍለው። ዳኝነት ለዚያ ነው። ነገር ግን አንተ የጻፍከው ያጠፋውን ለመዳኘት አይደለም፤ ገና ያላጠፋው ሁሉ አፉን ከመክፈቱ በፊት ወደ ጎጆህ እንዲወርድ ነው። ባለፈው ስትነግረኝ በእናትህ ከተማ አንድ ወጣት ከጎረቤት ጎረቤት ሽቦ እየዘረጋ ኢንተርኔት ያከፋፍላል አላልክም? ትልቁ ድርጅት ከሚሰጠው ይልቅ የእሱ ይሻላል ብለህ አመስግነኸው ነበር። ጉብታው ላይ ያለው ቀጭን ድምፅ እሱ ነው። ትልቁ ድርጅት ወረቀትህን የሚሞሉለት ጠበቆች አሉት፤ ጎጆህ የተሠራው ከእሱ አፋፍ ሥር ነው። ወጣቱ ግን ለአንድ ፈቃድ ሥራውን ዘግቶ፣ ተሳፍሮ፣ ከየቢሮው ደጅ ሲጠና ወሩ ያልቅበታል። ጥቂት ታግሎ ይተወዋል። ያን ጊዜ ትልቁን ልትገራበት ባወጣኸው ደንብ ትልቁን ብቻውን ታስቀረዋለህ፤ ሰውም በእሱ ቢማረር የሚሄድበት አይኖረውም። የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች ማለት ይህ ነው።

ይህ ግን ንግድ ነው፣ ንግድ ቢጎዳ ይድናል። እኔን እንቅልፍ የሚነሣኝ ሌላው ነው። ሽቦው የሚያመጣው የበቅሎ ወሬ ብቻ አይደለም። ወረርሽኝ ሲገባ፣ ግድብ ሲሰነጠቅ፣ መድኃኒት ተበላሽቶ ሲሸጥ፣ መጀመሪያ የሚያየው ሰው ምስለኔ አይደለም፤ አፋፍ ላይ የተገኘ ተራ ሰው ነው። ያ ሰው ያየውን ከመናገሩ በፊት ይፈቀድልኝ ይሆን ብሎ እጁን እንዲያይ ካደረግከው፣ የሚሰማውም ሰው ይህ የተፈቀደ ወሬ ነው ወይ ብሎ እንዲቆም ካስተማርከው፣ ውሃው የአንተን ይሁንታ አይጠብቅም። ክፉ ገዥ ቢያወጣው ሰው ይጠረጥረዋል፣ በጓሮም ያልፈዋል። አንተ ግን ደግ ነህ። አንተን ያምኑሃል፤ ቁሙ ብትላቸው ይቆማሉ። እግዚአብሔርን ያህል የምፈራው ይህን ነው፣ ልጄ፤ የምፈራው አንተን ነው።

«ታዲያ ዝም ልበል፣ የኔታ?» አትበለኝ፤ ዝም በል አላልኩህም። ብዕሩ በእጅህ ነው፣ እኔ ሽማግሌ ነኝ፣ ልከለክልህ አልችልም። ወረቀቱን ስትፈርም ግን የሚያመሰግኑህን አለቆችህን አታስብ። አንዲት ልጅ ከፊትህ ቆማ «ለምን ቁሙ አልከን?» ስትልህ አስብ። ያን ጊዜ «ሐሳቤ ደግ ነበር» ብትላት፣ እናቷን አይመልስላትም።